ውኃ ነው አሏት

እኛ አገር ሐኪም ቤት ውስጥ ከታማሚው ይልቅ የሚከበረው አስታማሚው ነው። ታማሚው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። ነርሷ በሩን ገርበብ አድርጋ «የእገሌ አስታማሚ!» ስትል ጤነኛው ሰው ኮቱን አስተካክሎ ይነሣል፤ ገብቶም የሌላ ሰው ሳንባ፣ የሌላ ሰው ጉበት፣ አንዳንዴም የሌላ ሰው ዕድሜ ተነግሮት ይወጣል። ከዚያ በኋላ ለባለሳንባው ምን ያህሉን እንደሚያካፍለው የሚወስነው እሱ ነው። ይህን ነገር ደግነት የሚሉት ብዙዎች ናቸው። እናትዓለም ግን ክህደት ትለዋለች።

እናትዓለም ፋሲሎ ክፍለ ከተማ ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ የምታስተምር የዘጌ ልጅ ናት። ድምፅዋ ከክፍሉ አልፎ በር ላይ ለተቀመጠው ዘበኛ ይሰማ ስለነበር፣ ዘበኛው ስለ ስምጥ ሸለቆ ከተማሪዎቹ የተሻለ ያውቃል እየተባለ ይቀለድ ነበር። ከፋሲካ ወዲህ ግን ያ ድምፅ እየሟሸሸ መጣ። ደረጃ ስትወጣ ታለከልካለች፤ በቀኝ ጎኗ መተኛት አቃታት፤ አንድ ቀን ጠመኔውን እንደያዘች፣ የጀመረችውን ዓረፍተ ነገር ሳትጨርስ ሰሌዳውን ተደግፋ ቆመች። ተማሪዎቹ መጀመሪያ እየቀለደች መስሏቸው ሳቁ።

ክሊኒክ ሄዳ ራጅ ተነሣች። ፊልሙ ላይ የቀኙ ሳንባ እንደሚገባው ጥቁር ነው። የግራው ግን ከታች ተነሥቶ እስከ መሐል ድረስ ነጭ በነጭ ሆኗል። «ውኃ ነው» አላት የክሊኒኩ ሐኪም። «ሳንባሽ ዙሪያ ውኃ ቋጥሯል። ትልቁ ሆስፒታል ሂጂና ይቀዳልሽ።»

ባሏ አምሐ የውኃ ቁፋሮ ባለሙያ ነው። «ጉድ እኮ ነው!» አለ። «እኔ ውኃ ፍለጋ ገጠር ለገጠር ስባዝን፣ እሷ እቤት ቋጥራ አስቀምጣዋለች!» ተሳሳቁ። ያን ጊዜ ገና የሚያስቅ ነገር ነበረ።

ሆስፒታል ውስጥ ዶክተር ምናሴ የሚባሉ ጠና ያሉ ሐኪም ጀርባዋን አደንዝዘው መርፌ አስገቡ። ምንም አልወጣም። ትንሽ ዝቅ ብለው ደገሙት፤ ጠብታ ደም ብቻ መጣ። «ውኃ ቢሆን ይመጣ ነበር» አሉ ለራሳቸው ያህል፣ ሲቲ ስካንም አዘዙላት። የሲቲው መልስ በደረሰ ዕለት እናትዓለም አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ሳለ ነርሷ ብቅ አለች።

«የእናትዓለም አስታማሚ!»

አምሐ ገባ። ቆየ። ሲወጣ ፈገግ ብሎ ነበር፤ ሰው መንገድ ላይ ወድቆ ሲነሣ እንደሚስቀው ዓይነት ፈገግታ።

«ውኃው ወፍሯል አሉ» አላት። «እንደ እርጎ ነገር ሆኗል። በመርፌ አይወጣም። ክኒን እየወሰድሽ ቀስ ብሎ ይደርቃል፤ ዋናው ዕረፍት ነው።»

እሷም አመነችው። ለምን አታምነውም? ከዚህ ሰው ጋር አሥራ ሁለት ዓመት ኖራለች፤ ኪዲ የምትባል ልጅ ወልዳለታለች፤ ስለ ውኃ ደግሞ ከእሱ የተሻለ ማን ያውቃል?

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓለም ሁሉ ደግ ሆነ። ክኒኑን አምሐ ራሱ ጠዋትና ማታ በእጁ ያቀርብላታል። ከመጠቅለያው አውጥቶ ትንሽ ጠርሙስ ውስጥ ጨምሮታል፤ «እንዳይበታተን ብዬ ነው» አለ። ታላቅ እህቷ የሺአረግ ከግሽ አባይ በባጃጅ እየመጣች ልብስ ታጥባለች፣ ወጥ ትሠራለች፣ ድንገት ተነሥታ ጓዳ ትገባና ዐይኗ ቀልቶ ትወጣለች። «ሽንኩርት ነው» ትላለች፤ ሽንኩርት ባልተከተፈበት ቤት። ርእሰ መምህሩ «እስኪሻልሽ እንዳትቸኩዪ» ብለው ክፍለ ጊዜዋን ሁሉ ለሌላ ሰጡላት። ጎረቤቶች እጃቸውን በደረታቸው ላይ አድርገው ሰላምታ ይሰጧታል፤ ዞር ስትል ከንፈራቸውን ሲመጥጡ ትሰማለች። ክረምቱ ሲገባ የሺአረግ ኪዲን «ትንሽ እኛ ዘንድ ትክረም» ብላ ወሰደቻት፤ አልጋዋንም አብራ አስጭና ሄደች። ለክረምት ብቻ ከሆነ አልጋ ምን ያደርጋል ብላ እናትዓለም አልጠየቀችም። ሰው ሲታመም የሚደረግለት ነገር ሁሉ ውለታ ይመስለዋል።

ከሁሉ በላይ ደግሞ የቁርባኑ ነገር አለ። አባቷ ዘጌ ላይ ዜማ ሲያስተምሩ የኖሩ መሪጌታ ነበሩ፤ ከእናቷ ጋር በቁርባን ነው የተጋቡት፣ የሺአረግም እንደዚያው። እናትዓለም ብቻ ናት ማዘጋጃ ቤት ፈርማ፣ አዳራሽ ተጨፍሮ በሰማንያ የተዳረችው። በሰማንያ የተጋባ ሰው ካልሆነለት ይፋታል። የቆረበ ግን አይፋታም፤ የሚለየው ሞት ብቻ ነው። እሷ የምትፈልገው ይህንኑ ነበር፤ ከአምሐ ጋር መመለሻ የሌለው ነገር። በየዓመቱ ታነሣበታለች። «ገና ነን እኮ» ይላል። «ሥራዬ ገጠር ለገጠር ነው፣ ጾሙን አልችለውም» ይላል። «ቆይ ስናረጅ፣ አንዳንድ ጥርስ ሲቀረን» እያለ ያሾፋል። እሷም አብራው ትስቃለች፤ ስቃ ስታበቃ ግን ለብቻዋ ታብሰለስለዋለች። እስከ መጨረሻው አብሬሽ ነኝ ለማለት ይህን ያህል የሚያመነታ ሰው ምን እየጠበቀ ነው?

በሐምሌ አጋማሽ አምሐ የነፍስ አባታቸውን ቄስ ገብረ ኪዳንን ይዞ መጣ። ቄሱ ጸሎት አድርሰው ሲጨርሱ አምሐ አጠገቧ ተቀመጠና እጇን ያዘ።

«እናቴ፣ በፍልሰታ እንቁረብ» አላት።

«ምን አልህ?»

«እንቁረብ። ወስኛለሁ።»

እናትዓለም ትንፋሽ እስኪያጥራት አለቀሰች። ቄሱ አንገታቸውን ደፍተው የመስቀላቸውን እጀታ ያሻሹ ነበር። ያን ዕለት ሕመሟን ሳይቀር መረቀችው። ይህ ውኃ ባይቋጥርብኝ ኖሮ እንደሚወደኝ መቼ ይገባው ነበር አለች በልቧ። ሕመሙ አስደንግጦ ባሏን የመለሰላት መሰላት። ነጭ ቀሚስ አሰፋች፤ ለመምህራኑ ሁሉ እየደወለች «ልቆርብ ነው እኮ!» አለቻቸው፤ እነሱም «እሰይ፣ እሰይ» እያሉ ስልኩን ቶሎ ቶሎ ይዘጉ ነበር።

ቁርባኑ ግን ቀላል አልሆነላትም። ፍልሰታን ስትጾም አንድ ነገር ይይዛት ጀመር፤ ሆዷ ባዶ ሲሆን ላብ ያጠምቃታል፣ ጉልበቷ ይርዳል፣ ዐይኗ ይጨልማል፣ የልጇ ስም ሳይቀር ይጠፋታል። እህል ስትቀምስ ደህና ትሆናለች። በቁርባኑ ዕለት ቅዳሴው ሳይፈጸም ወደ መሬት ልትንሸራተት ስትል የሺአረግ ከኋላ ደገፈቻት። ሥጋ ወደሙን ተቀብላ፣ ኋላም ከደጀ ሰላሙ ዳቦና ጠላ ቀማምሳ ነፍሷ ተመለሰ። «ደስታው ነው፣ ደስታው ከብዷት ነው» አሉ ሴቶቹ። አምሐ ደግሞ ነጭ ጋቢውን እንደተከናነበ ግድግዳው ጥግ ቆሞ ይንሰቀሰቅ ነበር። ያን ለቅሶ እናትዓለም እንደ ትልቅ ስጦታ ቆጠረችው። ለእኔ አለቀሰልኝ አለች። እውነቷን ነበር፤ ለእሷ ነበር የሚያለቅሰው።

ነገሩን ያበላሸው አዘዘ ነው። አዘዘ የታሪክ መምህር ነው። ከእናትዓለም ጋር በክፍለ ጊዜ ድልድል ተጣልተው ዓመታት ሳይነጋገሩ ኖረዋል፤ የመምህራን ክፍል ውስጥ ሲያልፋት እንኳ መስኮት መስኮቱን ነበር የሚያየው። መስከረም ላይ ይኸው ሰው ብርቱካን በፌስታል ይዞ ቤቷ መጣ። ስለ ዝናቡ ጥቂት አጉረመረመ። ከዚያ ድንገት ከወንበሩ ወርዶ ጉልበቷን ያዘ።

«እናትዓለም፣ በድዬሻለሁ። ለእግዚአብሔር ብለሽ ይቅር በይኝ!»

«ኧረ ተው፣ አንት ሰው፣ ተነሥ! ይቅር ብዬሃለሁ!»

አዘዘ ዐይኑን በእጀጌው እየጠረገ ወጣ። እናትዓለም ብርቱካኑን እያየች ብዙ ተቀመጠች። አዘዘን ታውቀዋለች። እልኸኛ ነው፤ በርእሰ መምህሩ ፊት እንኳ ጎንበስ የማይል ሰው ነው። አዘዘ ለውኃ ብሎ አያለቅስም።

በማግስቱ አምሐ ለሥራ ወደ ወንዛዬ በኩል ወጣ። እናትዓለም እህል ሳትቀምስ ካርዷንና የክኒን ጠርሙሷን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፤ ባጃጅ ጠርታ ብቻዋን ሆስፒታል ሄደች። ደረጃው ላይ ደጋግማ ዐረፈች። ዶክተር ምናሴ ሌላ ቦታ ተዛውረው በእሳቸው ፈንታ ዶክተር ዜማ የምትባል ልጅ እግር ሐኪም ገብታለች። ነርሷ ካርዱን ተቀበለችና ቀና እንኳ ሳትል፣

«አስታማሚ ነሽ?» አለቻት።

እናትዓለም «ታማሚዋ ነኝ» ልትል አፏን ከፈተች። ታማሚ ከሆነች ግን አግዳሚው ላይ ተቀመጪ ነው የምትባለው፤ በሩን ደግሞ ሌላ ሰው ነው የሚገባበት።

«አዎ» አለች። «እህቷ ነኝ።»

ዶክተር ዜማ ሲቲውን ኮምፒውተሩ ላይ ከፍታ ቆየቻት።

«ታማሚዋስ?»

«ቤት ናት። ደክማለች።»

«እንዴት አትደክም!» ሐኪሟ ቁጣዋን ለመደበቅ አልሞከረችም። «ግን እናንተ ምን ዓይነት ቤተሰብ ናችሁ? ዶክተር ምናሴ ሲሄዱ አደራ ብለውኝ ነው የሄዱት። ናሙና እንውሰድ ሲሉት ባልየው ‹አይሆንም፣ እሷም አልፈለገችም› ብሎ ተነሥቶ ሄደ። ይኸው ክረምቱ አለፈ!»

እናትዓለም የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘች። «የምን ናሙና?»

«የእጢው ነዋ።»

«እኛን ውኃ ነው ያሉን።»

«ውኃ?» ዶክተር ዜማ ኮምፒውተሩን አዞረችላት። «ራጅ ላይ ውኃ ይመስላል፣ ልክ ነሽ፤ እኛንም ያሳስተናል። ግን መርፌው ደረቁን ነው የወጣው። ይኸው ተመልከቺ፤ ይህ ሁሉ ከሳንባው ሽፋን ላይ የበቀለ ሥጋ ነው። እምቦጭን ታውቂው የለ? ጣና ላይ ከሩቅ ሲያዩት ሜዳ ነው፣ ሲረግጡት ውኃ ነው። ይኼ ደግሞ ግልባጩ ነው። ሲያዩት ውኃ፣ ሲወጉት ሥጋ።»

«ካንሰር ነው?»

«ናሙና ሳይወሰድ ማን ያውቃል? ዶክተር ምናሴ ‹ክፉ ሊሆን ይችላል› ነው ያሉት። ሊሆን ይችላል! ባልየው ትሞታለች ብሎ ሰማው። ‹ብረት ከነካው ይሰራጫል› አለና በቃ።» ሐኪሟ ተነፈሰች፤ ድምፅዋንም ዝቅ አደረገች። «እስቲ ልጠይቅሽ። እህትሽ ጾመኛ ናት? ሆዷ ባዶ ሲሆን የሚይዛት ነገር አለ? ላብ፣ መንቀጥቀጥ?»

«አለ እንጂ። ላብ ያጠምቃታል። ዐይኗ ይጨልማል። በቁርባኑ ቀን እንዲያውም ልወድቅ...»

ዶክተር ዜማ ቀና ብላ ለመጀመሪያ ጊዜ አየቻት፤ ግንባሯ ላይ የቸፈፈውን ላብ፣ በተነፈሰች ቁጥር አንገቷ ሥር ወደ ውስጥ የሚሳበውን ቆዳ፣ አበጥ ያሉትን የጣቶቿን ጫፎች።

«አንቺ ነሽ» አለች ቀስ ብላ።

«እኔ ነኝ።»

ሐኪሟ ወንበሯን ስባ አጠገቧ መጣች። ይቅርታ ጠየቀቻት፤ ስትጠይቃትም ፊቷ ቀልቶ ነበር። ጣቷን ወግታ ስኳሯን ስትለካው በጣም ዝቅ ብሏል፤ ጭማቂ አስመጥታ አጠገቧ ሆና አስጠጣቻት። ከዚያ ሳትቸኩል አስረዳቻት። ከሳንባ ሽፋን ላይ የሚበቅል፣ ብዙ ጊዜ የማይገጥም አንድ ዓይነት እጢ አለ። እየገዘፈ ሄዶ ደረትን ይሞላል፤ ሆኖም አብዛኛውን ጊዜ ክፉ አይደለም። ከእነዚህ መሐል ጥቂቶቹ በደም ውስጥ ያለውን ስኳር የሚያወርድ ነገር ያመነጫሉ። ጾም ላይ ይጥላት የነበረው ምናልባት ይኸው ነው። «ምናልባት ነው የምልሽ» አለቻት። «ቃል አልገባልሽም። ናሙናው ይናገር።»

እናትዓለም ጠርሙሷን አውጥታ ሰጠቻት። «ይህስ? ያደርቀዋል የተባልሁት መድኃኒት ነው።»

ዶክተር ዜማ አንዱን ክኒን መዳፏ ላይ አገላብጣ አየችው።

«ቫይታሚን ነው» አለች።

ከሁሉ ያቃጠላት ይኼ ነበር። ካንሰር የሚለው ቃል እንኳ እንዲህ አላቃጠላትም። ያ ሰው ጠዋትና ማታ ብርጭቆ ይዞ፣ ዐይን ዐይኗን እያየ፣ «ዋጪው እናቴ» ሲላት የኖረው ቫይታሚን ነው። አልጋውም ያን ጊዜ ገባት። ሽንኩርቱም፣ ስልክ ቶሎ የሚዘጉት መምህራንም፣ የአዘዘ ጉልበት መያዝም። አገሩ ሁሉ ቀብሯት ጨርሷል፤ ያልተነገራት እሷ ብቻ ናት። ደሟ ፈላ። ከዚያ ቁርባኑ ትዝ አላት፤ እሱን ግን የዚያን ቀን አልቻለችውም፣ ወደ ጎን ገፋችው።

«ናሙናውን ዛሬ ውሰጂልኝ» አለች።

«አስታማሚ ሳይኖር...»

«አስታማሚዋም እኔ ነኝ። የምፈርምበትን አምጪ።»

አምሐ ከገጠር ሲመለስ ጀርባዋ ላይ የተለጠፈውን ፋሻ አየ።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«ናሙና ተወሰደልኝ። ከውኃው።»

ፊቱ አመድ ሆነ። በሩን ተደገፈ። «ብረት ነካው? ምነው እናቴ፣ ምነው! የኔን እናት እኮ እንዲሁ አድርገው ነው የገደሏት!» የአምሐ እናት ደሴ ላይ ለጡት እጢ ቀዶ ጥገና ገብተው ብዙም ሳይቆዩ ሞተዋል። እናትዓለም ታውቃለች፤ አብራው ቆማ ቀብራቸዋለች። ስለዚህ ፍርሃቱ ገባት። ፍርሃቱን ይቅር ማለት ትችል ነበር።

«ለምን አልነገርኸኝም?»

«ልነግርሽ አልኩና አቃተኝ። እንዴት ብዬ ልንገርሽ?»

«በአማርኛ!» ብላ ጮኸች፤ ጩኸቱም ሳል ሆነባት። «በአማርኛ ትነግረኛለሃ! ሳንባው የኔ ነው፣ አንተ አይደለህም የምትታፈነው!»

የሺአረግ ደግሞ ሲነገራት ነጠላዋን አፏ ላይ ጭና ወለሉ ላይ ተቀመጠች። «በምን አፌ ልንገርሽ እህቴ?» ትላለች ደጋግማ።

«እታለም፣ አንቺ እንኳ? ልጄን ከነአልጋዋ የወሰድሻት ለዘለቄታው ነው?»

የሺአረግ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። የኪዲ አልጋ ግን በዚያው ሳምንት በጋሪ ተጭኖ ተመለሰ።

የቀረው ቁርባኑ ነበር። እናትዓለም የናሙናውን መልስ ከመጠበቅ ይልቅ አምሐ ለምን እንደቆረበ አለማወቅ ከበዳት። አንድ ቀን ከቅዳሴ በኋላ ቄስ ገብረ ኪዳንን ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ አገኘቻቸው። መስቀል ተሳልማ እንደቆመች ጠየቀቻቸው።

«አባቴ፣ እርስዎም ያውቁ ነበር?»

ቄሱ መዋሸት አልሆነላቸውም። «አውቅ ነበር ልጄ። ባልሽ አልቅሶ ነገረኝ። ‹እንግዲያማ ይህን ያህል ዓመት የለመነችህን ነገር ነፍሷ ሳትወጣ አድርግላት› አልሁት። በጎ የሠራሁ መስሎኝ ነው።»

«እሱስ ምን አለዎት?»

ቄሱ መሬት መሬቱን አዩ። «‹ከሆነማ እሺ› አለኝ።»

ከሆነማ እሺ። የምትሞት ከሆነማ። እናትዓለም መንገዱን ሁሉ ይህችን ቃል እያላመጠች ወደ ቤቷ ተመለሰች። ሐሳቡ የእሱ አልነበረም፤ እሺታውም ለእሷ አልነበረም። አንድ ክረምት ለቀራት ሴት አንድ ነጭ ጋቢ መልበስ ምን ይከብዳል?

የናሙናው መልስ በመጣ ዕለት አብረው ሄዱ። ነርሷ በሩን ገርበብ አድርጋ «የእናትዓለም አስታማሚ!» አለች። አምሐ እንደለመደው ብድግ አለ።

«ተቀመጥ» አለችው እናትዓለም፣ ገባችም። ጥቂት ቆይታ በሩን ከፈተችና ጠራችው።

«ክፉ አይደለም» አለችው ዶክተር ዜማ። «ከሥሩ ተቆርጦ ይወጣል። ሳንባዋ እንደገና ይነፋል፤ ስኳሯም ይስተካከላል። በየጊዜው እየመጣች ትታያለች እንጂ ልጇን ድራ፣ የልጅ ልጅ አቅፋ ትኖራለች።»

አምሐ ሐኪሟ እግር ላይ ወደቀ። አለቀሰ፣ ሳቀ፣ ደንግጣ የቆመችውን ነርስ ሳይቀር ሳማት። እናትዓለም አጥብቃ ተመለከተችው። ደስታው እውነት ነበር፤ ይህን አልካደችውም። ይሁንና እንባውን ጠርጎ ሲያበቃ ለአፍታ ያህል እጁን አውርዶ መስኮቱን እያየ ቀረ፤ ምን ቃል እንደገባ አሁን ገና ትዝ ያለው ሰው ይመስል ነበር።

ኅዳር ላይ ቀዶ ጥገናው ተደረገላት። የወጣው እጢ ከሕፃን ራስ ይበልጥ ነበር። አምሐ አልጋዋ ሥር ካርቶን አንጥፎ አደረ፤ ሾርባ አጠጣት፣ እግሯን አሸላት፣ ምንም አላጓደለም። እሷም «እግዜር ይስጥህ» ትለዋለች፤ ለእንግዳ ሰው እንደሚባለው አድርጋ።

በታኅሣሥ ለመጀመሪያ ጊዜ በእግሯ ወደ ሐይቁ ዳር ወጣች። አምሐ ክንዷን ሊይዝ እጁን ዘረጋ፤ አላስፈለጋትም። ዛፎቹ ሥር ካለ ድንጋይ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ከዘጌ በኩል ማገዶ የጫነች ጀልባ ትመጣለች፤ ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን ያራግፋሉ። እናትዓለም አየሩን ሳበችው፤ እስከ ታች ድረስ ገባላት። ድምፅዋ ተመልሷል። ይህን ስትጠብቅ ነበር፤ ይህን ጥያቄ እያለከለከች ልትጠይቀው አልፈለገችም።

«አምሐ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። እንዳትዋሸኝ፤ ስትዋሽ ምን እንደምትመስል አሁን አውቄያለሁ።»

«ጠይቂኝ።»

«እውነትም ውኃ ቢሆን ኖሮ ትቆርብ ነበር?»

አምሐ ፊቱን አላዞረም። አንዲት ጠጠር አንሥቶ በእጁ ሲያገላብጣት ቆየ።

«አላውቅም» አለ።

«ታውቃለህ።»

ጠጠሯን ጣላት። «አልቆርብም ነበር» አለ በመጨረሻ። «እውነቱን ከፈለግሽ አልቆርብም ነበር። አሁን ግን ይህን ማንሣት ምን ያደርጋል? ቆርቤያለሁ። አንዴ ገብቼበታለሁ፣ ምን አደርጋለሁ? ምንም አላጎድልብሽም።»

አንዴ ገብቼበታለሁ። ሰው ጭቃ ውስጥ ከገባ በኋላ ስለ ጫማው እንዲህ ነው የሚናገረው። እናትዓለም የተሰፋ ጎኗን ያዘች፤ የሚያማት ግን እዚያ አልነበረም። እንደ ሞኝ ተሰማት፤ ነጭ ቀሚሷ፣ ለሰው ሁሉ መደወሏ፣ ያን ለቅሶ ማቀፏ አሳፈራት። ቀጥሎም ኀፍረቱ የእሷ እንዳልሆነ ገባትና ንዴቷ ተመለሰ።

«ስለ ናሙናው ይቅር ብዬሃለሁ» አለችው። «ፈርተህ ነው። ስለ ቫይታሚኑም አንድ ቀን ይቅር እልህ ይሆናል። ይህን ግን አልችልም። አንተ የቆረብኸው ከምትሞት ሴት ጋር ነው። እኔ የቆረብሁት ግን አብሮኝ ሊያረጅ ከወሰነ ሰው ጋር ነበር። ለካ ያ ሰው የለም። መርዶውን እንኳ የሚነግረኝ ጠፋ።»

አምሐ ራሱን በእጆቹ ያዘ።

«ታዲያ ምን ይሻላል?» አለ። «ልሂድልሽ?»

ድምፁ ውስጥ ጥቂት፣ በጣም ጥቂት፣ ተስፋ የመሰለ ነገር ነበረበት። ምናልባት እሱ ራሱ አልሰማው ይሆናል። እናትዓለም ግን ሰማችው።

«የት ትሄዳለህ?» አለችው። «ቆርበናል እኮ።»